የጁገል ዙሪያና የጎማ ልኬት

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ያህል ሲቀመጥ፣ ከተማዪቱን ርዝመቷ አንድ ማይል ገደማ፣ ወርዷም የዚያ ግማሽ ብሎ ገመታት። የሲራራ ነጋዴው ግን ርቀትን የሚያውቀው በተጫነ በቅሎ የቀን መንገድ ነበር፤ ልኬቱ ሸክሙን ያካተተ ነው።

ጎማም ይህንኑ ይጠይቃል። ከሰርከስ የምናውቀውን ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት፣ ትልቁን ዓይነት ወስደን፣ ከቸርኬው ሽቦዎች በአንዱ ላይ ማግኔት፣ ከማይዞረው አካሉ ላይ ቆጣሪ ብንገጥም፣ መሣሪያው የሚቆጥረው ዙርን ብቻ ነው። የዙሩን ርዝመት የምንነግረው እኛ ነን። ባለ 36 ኢንች ጎማ በስሌት 287 ሳንቲ ሜትር ይሰጣል። ዳሩ ግን ነጂው ሲወጣበት ጎማው ይረግባል፤ አካሄዱም (ባለ አንድ ጎማ ነውና) ወዲያና ወዲህ ይላል። ስለዚህ መሬት ላይ ምልክት አድርጎ፣ ነጂው እንደ ተቀመጠ አሥር ዙር ማስኬድ፣ የተሄደውን በሜትር ለክቶም ለአሥር ማካፈል ያስፈልጋል።

የ3 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም። ከሸዋ በር ተነሥቶ በቡዳ በር፣ በሰንጋ በር፣ በኤረር በርና በፋላና በር አድርጎ የአሚር ኑርን ግንብ ለሚዞር ግን፣ 3.5 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መንገድ 1,200 ያህል ዙር ነውና፣ ስሕተቱ 36 ሜትር ይደርሳል። በጁገል ጠባብ መንገዶች 36 ሜትር የበርካታ ጎረቤት ደጃፍ ነው።