«ሐሰድ»፣ «ዓይን» እና «ቡዳ»፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የአንድ ቃል ታሪክ

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ በሽሎና አባይ ሸለቆ የሚዘረጉ የቀድሞው በጌምድር አገሮች ናቸው። ነዋሪያቸው በአመዛኙ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ሲሆን ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው። የምንመረምረው ቃል ግን በሁለቱም ወገን አፍ ውስጥ አለ።

የሰውን ክፉ ምኞት ለመሰየም ዐማርኛ ቃል አያጣም። «ሐሰድ»ን በምቀኝነት፣ «ሒቅድ»ን በቂም፣ «ቡግድ»ን በጥላቻ ብንተረጉም ብዙ አይጎድልብንም። ኢማም አል-ገዛሊ (በ505 ዓ.ሒ. የሞቱት) በኢሕያእ 25ኛ መጽሐፍ ሦስቱን ደዌዎች በአንድ ሐረግ ያያይዟቸዋል፤ የታፈነ ቁጣ ቂም ይሆናል፣ ቂምም ምቀኝነትን ይወልዳል። ይህን ሐተታ ለደረሳ በዐማርኛ ማስረዳት አያስቸግርም። ጥቂት የሚያስቸግረው «ቅናት» ነው፤ የሌላውን ጸጋ መጥፋት መመኘትንም፣ ጸጋው ሳይጠፋ የእሱን ዓይነት መመኘትን፣ ማለትም «ጊብጣ»ን፣ በአንድ ስም ይጠራልና። በ1961 ዓ.ም. የታተመው የቁርኣን ዐማርኛ ትርጉም በሱረቱል ፈለቅ መጨረሻ «ምቀኛ»ን መምረጡ ትክክል ነው።

መሰናክሉ የሚመጣው መምህሩ ከሐሰድ ወደ «ዓይን» ሲሻገር ነው። ዓይን እውነት መሆኑን የሚናገረው ሐዲስ ቡኻሪም ሙስሊምም የዘገቡት ነው፤ በዚህ ክርክር የለንም። ነገር ግን በበጌምድር ምድር «ዓይን» ሲባል በተማሪው አፍ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው ቃል «ቡዳ» ነው፤ አንዳንድ መምህራንም በዚያው ይተረጉሙታል። ይህ ትርጉም ስሕተት ብቻ ሳይሆን በደልም ነው።

ኢማም ማሊክ በሙወጧእ ያሠፈሩትን ታሪክ እንመልከት። ሰህል ኢብን ሑነይፍ ገላውን ሲታጠብ ዓሚር ኢብን ረቢዓ አይቶ ቆዳውን አደነቀ፤ ሰህል ወዲያው ታሞ ወደቀ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዓሚርን አስጠርተው ወንድሙን ለምን እንደሚገድል፣ በረካን ለምን እንዳልለመነለት ገሠጹት። ከዚያም ታጥቦ ውኃው በሰህል ላይ እንዲፈስ አዘዙ፤ ሰህልም ተሻለው። ይህ ዓሚር ማን ነው? ከሚስቱ ከለይላ ጋር ወደ ሐበሻ ምድር የተሰደደ፣ በበድርም የተዋጋ ቀደምት ሶሓባ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የክፉ ዓይን ዘር ነው ተብሎ አልተገለለም፤ ልጁ ዐብዱላህም ከሐዲስ አስተላላፊዎች አንዱ ሆኗል። ጉዳቱ ከአንድ ደግ ሰው አንድ ቸልታ የመጣ ነበር፤ መድኃኒቱም በራሱ በተመልካቹ እጅ ነበረ።

በበጌምድር የሚነገረው ቡዳ ከዚህ በሥሩ ይለያል። ቡዳነት ሰው የሚሠራው ነገር ሳይሆን ከእናት ከአባቱ የሚወርሰው ነገር ተደርጎ ይታያል፤ የሚጣለውም በአንጥረኛው፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በሸማኔው፣ በቆዳ ፋቂው ላይ ነው። ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1853 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ ብረት ሠሪዎች ሌሊት ወደ ጅብነት ይለወጣሉ የሚለውን እምነት መዝግቧል። ታማሚው ሲያጓራና ሲለፈልፍ «በላኝ» የሚለው ስም ይጠበቃል፤ የተጠራው ሰው ምስክር ሳይቆጠርበት ተፈርዶበታል።

ለምን በእነዚህ ላይ? መልሱ ከመሬት ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ርስት ያለው «ጨዋ» ነው፤ ርስት የተነፈገው በእጁ ያድራል። በ1668 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ሙስሊሙ በንግድና በሽመና፣ ቤተ እስራኤል በብረትና በሸክላ ሥራ ጸኑ። ገበሬው ማረሻውን፣ ማጭዱንና ምሳሩን የሚያገኘው ከሚጠረጥረው ሰው እጅ ሆነ። «ጠይብ» የሚለው ቃል ራሱ ይህን ይመሰክራል፤ መነሻው «ጠቢብ» ነው፣ ዐረቦች ሐኪምን ከሚጠሩበት «ጠቢብ» ጋር አንድ ሥር ያለው። የጥበብ ስም ስድብ እስኪሆን ድረስ ወረደ።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለው ሰው ሁሉ የአንድ አባትና እናት ልጅ መሆኑን አሳሰቡ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት ዐዋጅ ደግሞ ርስትን ከመሠረቱ አፈረሰ። ቃሉ ግን ከርስቱ ይልቅ ዕድሜ አገኘ፤ ዛሬም ጋብቻ ሲታሰብ አጥንት ይቆጠራል።

ሙስሊሙ ማኅበረሰብ በዚህ ነገር ተበዳይ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ጎረቤቱን ባለ እጅ በዚያው ስም የሚጠራ አለና። ቁርኣን ዳውድን (ዐ.ሰ.) ብረት የለዘበለት፣ ጥሩር የሚሠራ ነቢይ አድርጎ ያነሣዋል። ኸባብ ኢብን አል-አረት በመካ ብረት ሠሪ ነበር። ሆኖም ዐረቦችም «ቀይን» (ብረት ቀጥቃጭ) የሚለውን ስም ለስድብ ይጠቀሙበት ነበር፤ ጀሪር ፈረዝደቅን ያዋረደው በዚህ ነው። የኢማም አን-ነወዊ ሚንሃጅም በጋብቻ አቻነት («ከፋአ») ምዕራፍ ሙያን ይቆጥራል፤ ዋግምት አጋሚና እረኛ ለልብስ ሰፊ ልጅ አቻ አይደሉም ይላል። ይህን ምዕራፍ የሚያስተምር ሰው ሁለት ነገር ሊጨምር ይገባዋል። አንደኛ፣ ይህ አቻነት የሴቲቱና የወሊዮቿ መብት ነው፤ ፈቅደው ከተዉት ኒካሑ ይጸናል። ሁለተኛ፣ የሙያ ክብር በየአገሩ ልማድ የሚለወጥ መሆኑን ፉቀሃእ ራሳቸው ተናግረዋል፤ ኢማም ማሊክም ሙያን አልቆጠሩም። ሸማኔንና ዋግምት አጋሚን ከዐረቦች አቻነት የሚያወጣው ዘገባ ደግሞ ሰነዱ በሐዲስ ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት የለውም። ይህ ሳይነገር የሚያልፍ ትምህርት ጀማዓው ቀድሞ በልቡ ያኖረውን ንቀት በኪታብ ማኅተም ያጸናለታል።

ታዲያ «ዓይን» በምን ይተርጎም? ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እናቶች ሕፃን ሲመርቁ «ከሰው ዓይን ያውጣህ» ይላሉ። የሰው ዓይን፤ የጠይብ አይደለም፣ የሸማኔም አይደለም፣ ከመራቂዋ ዓይን ጀምሮ የማንም ሰው ዓይን ነው። ዓሚር ኢብን ረቢዓ የተገሠጸበትን ጉዳይ ይህ ሐረግ ምንም ሳያጎድል ይዞታል።