የጅማ መንገድና የጣሊያን ጦር አቅርቦት (1928–1933 ዓ.ም.)

የፋሺስት ጣሊያን ወራሪ ጦር በኢትዮጵያ ሲዋጋ ጥይቱ፣ ቤንዚኑና የመኪና ጎማው የሚመጣለት ከባሕር ማዶ ነበር። ጭነቱ በስዊዝ ቦይ አልፎ ምጽዋ ይራገፋል። ወደቡ በ1928 ዓ.ም. ወረራ ዋዜማ በመርከብ ተጨናነቀ። ባቡሩና መንገዱ ጭነቱን ወደ አስመራ ደጋ ለማውጣት ስላልበቁም 70 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የገመድ ማመላለሻ ተዘረጋ።

አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ አቅርቦቱ በዋነኛነት በመኪና መንገድ ላይ ወደቀ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ጣሊያናውያን ሠራተኞች መጡ፤ የአገሬው ቀን ሠራተኛም ድንጋይ ፈለጠ። በወልቂጤ በኩል ወደ ጊቤ ሸለቆ ወርዶ ጅማ የሚደርሰው መንገድ ከዋነኞቹ አንዱ ነበር። ይህን መንገድ እንደ ስጦታ የሚያወሱ ሰዎች ዛሬም አሉ። መንገዱ ግን በቅድሚያ የተሠራው ደቡብ ምዕራቡን በጦር ለመያዝ ነው።

ወራሪውን የሚዋጋው አርበኛ ግን ከባሕር ማዶ የሚጠብቀው ስንቅ አልነበረውም፤ የሚበላው ገበሬው ያካፈለውን ነው። በጉራጌ ምድር ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ለወራት የሚቆይ፣ ከእንሰት የሚዘጋጅ ቆጮ አለ። በዚሁ ምድር ይዋጉ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው ከጎጌቲ ውጊያ በኋላ ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ተረሸኑ። ትግሉ ግን በእሳቸው ሞት አልቆመም፤ አርበኛው ገረሱ ዱኪ ከወሊሶ እስከ ጊቤ ባለው አገር ጠላትን እረፍት ነሱት።

ጣሊያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በብሪታንያና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስታውጅ የስዊዝ በር ተዘጋባት። በቅኝ ግዛቱ የቀረው ጦር በመጋዘን ባለው ብቻ መኖር ጀመረ፤ ነዳጅና ጎማ እያጠረው ሄደ። በ1933 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ሲሸሽ የጊቤን ወንዝ ለመከላከያ ያዘ፤ ድልድዩንም አፈረሰ። ወንዙ በዝናብ ሞልቶ ነበር። የብሪታንያ አዛዦች የመሯቸው የምሥራቅ አፍሪካና የናይጄሪያ ወታደሮች በግንቦት መጨረሻ ወንዙን በጀልባ ተሻገሩ። ወታደሮቹም ራሳቸው ከሌሎች ቅኝ ግዛቶች የመጡ ነበሩ።

ጅማ ሰኔ 14 ቀን እጇን ሰጠች፤ የገረሱ አርበኞችም በዙሪያዋ ነበሩ። ወደ ምዕራብ ያፈገፈገው የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ ደምቢዶሎ ላይ ሰኔ 26 ቀን ለቤልጅግ ኮንጎ ጦር ተማረከ።