ካሜራው በማን እጅ ነበር?

በዳላስ መሐል ከተማ አጠገብ «ትንሿ ሜክሲኮ» የሚባል የወዛደር ሰፈር ነበረ፤ ከሜክሲኮ አብዮት የሸሹ ቤተሰቦች የኖሩበት። በ1968 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው ባለክፍያ አውራ ጎዳና ሰፈሩን ሰነጠቀው። ጁላይ 24 ቀን 1973 የ12 ዓመቱ ሳንቶስ ሮድሪጌዝ ስምንት ዶላር ሰርቀሃል ተብሎ፣ እጁ በካቴና እንደ ታሰረ፣ ፖሊስ መኪና ውስጥ ተገደለ። ከአራት ቀን በኋላ ሕዝቡ ሰልፍ ወጣ፤ የፖሊስ ሞተር ብስክሌት ተቃጠለ። ገዳዩ አምስት ዓመት ተፈርዶበት ግማሹን ያህል ታሰረ።

ለንግድ ቴሌቪዥን የሚቃጠል ሞተር ብስክሌት ዜና ነው። የቺካኖው ሠርግ፣ ክርስትና፣ የፓይክ ፓርክ በዓል ግን ገቢ አያመጣም።

ይህን እኛም እናውቀዋለን። በዚያው ዓመት የወሎን ረሃብ የቀረጸው እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ነው። ፊልሙን አስቀድሞ ያየው የእንግሊዝ ሕዝብ ነበር፤ አዲስ አበባ ያየችው በ1974፣ ደርግ የቤተ መንግሥት ድግስ ቀላቅሎበት፣ ንጉሡ በወረዱበት ዋዜማ ነው። የወሎን ገበሬ ማንም አላማከረውም።

አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን በ1972 የትላልቅ ከተሞች የኬብል ኩባንያዎች ለሕዝብ ነጻ መስመር እንዲለቁ አዘዘ። ማንኛውም ነዋሪ የራሱን ፕሮግራም ሠርቶ የሚያስተላልፍበት ነው። ኩባንያዎቹ ግን ተከራከሩ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1979 ትእዛዙን ሻረው። የ1984ቱ ሕግ ከተሞች በውላቸው መስመሩን እንዲጠይቁ ፈቀደ።

ዳላስ ውስጥ ኬብል የተዘረጋው በ1980ዎቹ ነው። በዚያን ጊዜ ከትንሿ ሜክሲኮ ብዙው ቤት ፈርሷል።