«ነፃ» እና «በነፃ»፦ ሊኑክስ ወደ ቤታችን ለመግባት ለምን ዘገየ?

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ላፕቶፔ ምንም አልሆነም፤ ግን ዊንዶውስ 11 አይቀበልም አሉኝ። 10ሩ ደግሞ አበቃለት ተባለ። ልሽጠው ወይስ ምን ይሉኛል?»

እውነቱን ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኛ ሲሆን እናገራለሁ።) ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ካላገኘ በወጉ አልጫንም ይላል። ትናንት ደህና ሲሠራ የነበረ ማሽን ዛሬ «አሮጌ» ተብሎ አደረ ማለት ነው።

«አትሽጠው፣ ሊኑክስ ጫንበት። ነፃ ነው» አልኩት።

ምን ብሎ መለሰልኝ መሰላችሁ? «ቲቸር፣ ዊንዶውሱም እኮ በነፃ ነው። እርስዎ አይደሉ እንዴ የጫኑልን?»

ሳቅሁ። ከዚያ ዝም አልኩ። ልክ ነዋ! ስንት ዓመት ሙሉ ቁልፉ በእስክሪብቶ የተጻፈበት የኤክስፒ ሲዲ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ስዞር፣ የተማሪ ኮምፒውተር ፎርማት ሳደርግ፣ አንድም ቀን «ይሄ የሰው ንብረት ነው» ብዬ አላውቅም። እንዲያውም በጎ ሥራ የሠራሁ ነበር የሚመስለኝ። ለዚህ ልጅ የምሰጠው መልስ በውስጥ መስመር የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ያዙና አንብቡ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ፕሪንተር ነው። በ1980 አካባቢ፣ አሜሪካ ኤምአይቲ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ላብራቶሪ ውስጥ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ፕሮግራመር ይሠራ ነበር። ላብራቶሪው ከዜሮክስ ኩባንያ አዲስ የሌዘር ፕሪንተር በስጦታ አገኘ። ፈጣን ነው፣ ጥራቱም ጥሩ ነው፤ ችግሩ ወረቀት ይቀረቀርበታል። ሰው ከጠረጴዛው ሆኖ ያዝዛል፣ ቆይቶ ወረቀቱን ሊያነሳ ሲሄድ ማሽኑ ገና ድሮ ቆሞ ያገኘዋል። ለቀድሞው ፕሪንተር ስቶልማን መላ አበጅቶለት ነበር፦ ፕሮግራሙን አሻሽሎ፣ ወረቀት ሲቀረቀር ወረፋ ለሚጠብቁት ሁሉ መልእክት እንዲደርሳቸው አድርጎ ነበር። ለአዲሱም እንዲሁ ላድርግ ሲል ግን የፕሮግራሙ ሶርስ ኮድ አብሮ አልመጣም።

ኮምፒውተር ላልተማራችሁ ወዳጆቼ፦ ሶርስ ኮድ ማለት ፕሮግራመሩ የጻፈው፣ ሰው አንብቦ የሚረዳውና የሚያሻሽለው ጽሑፍ ነው። እኛ የምንገዛው (ወይም የምንሰርቀው) ወደ ማሽን ቋንቋ የተለወጠውን ነው። እንጀራውን ይሰጡሃል፤ እርሾውን ግን አይሰጡህም። ስትበላ ትውላለህ፣ መጋገር አትችልም።

ስቶልማን ኮዱ ካርኒጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያለ አንድ ሰው ዘንድ እንዳለ ሰማ። ለሌላ ጉዳይ ወደዚያ ሲሄድ ገብቶ ጠየቀው። ሰውዬው «አልሰጥም፣ ለኩባንያው ቃል ገብቻለሁ» አለው። በዚያ ሰፈር እስከዚያ ድረስ ኮድ መዋዋስ ጎረቤት ጨው እንደሚዋዋሰው ነበርና ስቶልማን በጣም ተናደደ፤ ቃል ሳይመልስ ወጣ። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አልነበረም፤ ፈርሟል። ስቶልማንን ያሳሰበውም ይኸው ነው፦ አንድ ፊርማ የሥራ ባልደረቦቹን ሁሉ ከለከለ።

ሴፕቴምበር 27 ቀን 1983 ስቶልማን «ግኑ» የሚባል፣ ሰው ሁሉ ሊጠቀምበት፣ ውስጡን ሊያይ፣ ሊያሻሽል፣ ለሌላም ሊያካፍል የሚችል ሙሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እሠራለሁ ብሎ አወጀ። በጃንዋሪ 1984 ከኤምአይቲ ሥራውን ለቀቀ፣ ዩኒቨርሲቲው «የሠራኸው የኔ ነው» እንዳይለው። በ1985 ድርጅት አቋቋመ። በ1989 ደግሞ ጂፒኤል የተባለውን ፈቃድ አወጣ። ለኔ ከኮዱ ሁሉ የሚበልጠው ሥራው ይሄ ነው። ፈቃዱ ባጭሩ «ውሰድ፣ ቀይር፣ ከፈለግክ ሽጥም፤ ግን ለሌላው ስትሰጥ እርሾውንም አብረህ ስጥ፣ አንተ ያገኘኸውን መብት አትከልክል» ይላል።

ሽጥም? አዎ። ስቶልማን ዕድሜውን ሙሉ ሲያስረዳ የኖረው ነገር ነው። በእንግሊዝኛ ነፃነት ያለውም፣ ገንዘብ የማይከፈልበትም በአንድ ቃል ነው የሚጠሩት። ስለዚህ «ስለ ዋጋ አይደለም፣ ስለ መብት ነው የማወራው» እያለ ምሳሌ ሲደረድር ኖረ። እኛ እድለኞች ነን፤ አማርኛችን ለይቶታል። «ነፃ ሰው» እና «በነፃ የተሰጠ» እኩል አይደሉም። አንዲት «በ» ናት ልዩነቷ። ቃሉ እያለን ግን ልዩነቱን ሳናየው ቀረን። ወደዚያ እመለሳለሁ።

በ1991 ግኑ ብዙ ዕቃ ነበረው፤ የጎደለው ከርነሉ፣ ማለትም ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘው ልቡ ነበር። ይኼን የሞላው የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ 386 ኮምፒውተር ገዛ፣ ያውም በየወሩ በሚከፈል ብድር። በኦገስት 25 በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ፣ ለመዝናኛ ያህል ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየሠራ መሆኑንና እንደ ግኑ ትልቅ ነገር እንደማይሆን ጻፈ። ዛሬ በእጃችሁ ያለው አንድሮይድ ስልክ ውስጥ ያለው ከርነል የዚያ ልጅ «መዝናኛ» ነው። ከኖቬምበር 2017 ጀምሮም በዓለም ፈጣን ተብለው ከሚመዘገቡት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች አንዱም ሌላ ሲስተም አይጠቀምም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር አለች። ሊነስ መጀመሪያ ላይ በራሱ የጻፈው ፈቃድ «ማንም ገንዘብ አያስከፍልበት» የሚል ነበር። ማለትም የመጀመሪያው ሊኑክስ «በነፃ» ነበር። በ1992 ነው ፈቃዱን ወደ ጂፒኤል የቀየረው። ፍሎፒ ላይ ቀድቶ፣ ለፍሎፒውና ለድካሙ ዋጋ ጠይቆ የሚያከፋፍል ሰው ካልተፈቀደለት ሥራው እንዴት ይዛመታል? «በ» ስትወድቅ ሊኑክስ መራመድ ጀመረ። ኩባንያዎች መጡበት፣ ደሞዝ የሚበላበት ሰው መጣ።

አሁን ወደኛ ልምጣ፤ መጀመሪያ ግን ስለ ቢል ጌትስ። በ1976 ገና ወጣት ሳለ፣ የሠራውን ፕሮግራም እየቀዱ ለሚከፋፈሉ የኮምፒውተር አፍቃሪዎች ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ «አብዛኞቻችሁ ሌቦች ናችሁ» የሚል ይዘት ያለው ወቀሳ አውርዶባቸው ነበር። ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ስለ ቻይና ሲጠየቅ ግን አነጋገሩ ተቀይሯል፦ መስረቃቸው ካልቀረ የኛን ይስረቁ፣ ይለምዱታል፣ ከዚያ በሚቀጥሉት ዓመታት እንዴት እንደምናስከፍላቸው እናገኘዋለን የሚል ነበር ሐሳቡ። ስለ ቻይና ነው የተናገረው። እኔ ሳነበው ግን ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ሲዲ ነው ትዝ ያለኝ።

በኛ አገር ሊኑክስ የተሸነፈው በቴክኖሎጂ አይመስለኝም፣ ቢያንስ በቴክኖሎጂ ብቻ አይደለም። በሌላው ዓለም ሊኑክስ ወደ ሰው ቤት ሲገባ የያዘው ትልቁ መሣሪያ ዋጋው ነበር፦ ዊንዶውስ ይከፈልበታል፣ እኔ አልከፈልም። እኛ ጋ ሁለቱም ለጥገና ቤቱ ልጅ የሚሰጠው የመጫኛ ሒሳብ ብቻ ናቸው። የኛው አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ቆጥሮ ይጠብቃል፤ እኔ ግን ክፍል ውስጥ አንስቼው አላውቅም። «በነፃ» ሞልቶ ስለተረፈን «ነፃ» የሚባለውን የሚጠይቅ ጠፋ።

ዕድሉ ሳይመጣ ቀርቶ አይደለም። በ2004 ማርክ ሻትልወርዝ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ፣ ኩባንያውን ሸጦ የበለጸገና በራሱ ገንዘብ ጠፈር ደርሶ የተመለሰ ሰው፣ ኡቡንቱን አወጣ። ስሙ ራሱ የአፍሪካ ነው፤ በዙሉና በኾሳ ቋንቋ ሰውነትን፣ አንዱ ለሌላው መሆንን የሚገልጽ ቃል ነው። ሻትልወርዝ ያደረገው ተአምር ምን መሰላችሁ? አድራሻህን ከላክህ ሲዲውን በፖስታ እስከ አገርህ ድረስ፣ ያለ ምንም ክፍያ ይልክልሃል። እስከ 2011 ድረስ ይሄ ቀጥሏል። ለኔም በትምህርት ቤቱ ፖስታ ሣጥን መጥቶልኛል። ሽፋኑ ያማረ፣ ያልተቀዳ፣ የማላፍርበት ሲዲ! በዚያን ጊዜ እጄ የገባ ብቸኛው ሕጋዊ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ጫንኩት። ሁለት ሳምንት አልቆየም። በስልክ መስመር የሚሠራው ሞደሜ ሥራውን ግማሽ በግማሽ ለዊንዶውስ ድራይቨር የተወ ርካሽ ዓይነት ስለነበር ሊኑክስ ሊያናግረው አልቻለም። ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ የኡቡንቱ ትልቁ ጥበቡ፣ የሚፈልጉትን ፕሮግራም ከማእከል ማውረድ፣ ዋጋ የለውም። ፈረንጆቹ ሲሠሩት «ኢንተርኔት አለ» ብለው ነው። ሙዚቃ ልክፈት ስል ኮዴክ አውርድ ይለኛል። በምን?

ሁለተኛው ፊደላችን ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ቢሮዎቻችን ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ነበር የሚጽፉት። በድሮው ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ሾርባ ይሆናል። የፈተና ወረቀቶቼ በሙሉ እንደዚያ ሆኑብኝ። በሦስተኛው ሳምንት ኤክስፒውን መለስኩ፣ የኡቡንቱው ሲዲ መሳቢያ ገባ።

የሚቆጨኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ያኔ እኔ ተስፋ ስቆርጥ ሌሎች አልቆረጡም ነበር። ዳንኤል ያዕቆብና የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ሊኑክስ አማርኛን እንዲያውቅ፣ የቀኖቻችንን ስም፣ የጽሑፍ ደንባችንን በሲስተሙ መሠረታዊ ላይብረሪ ውስጥ እያስገቡ ነበር። ማንንም ፈቃድ አልጠየቁም፣ ምክንያቱም እርሾው ክፍት ነው። በዊንዶውስ ላይ የአማርኛ ፎንትና ኪቦርድ አብሮ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ፣ ማለትም ማይክሮሶፍት ጊዜው ነው ሲል ነው። እኔ ኮምፒውተር አስተማሪ ሆኜ ይሄን ለተማሪዎቼ አልነገርኳቸውም። ክፍሌ ውስጥ ከነበሩት መካከል አንዱ «እኔም ልጨምርበት» ይል ነበር ይሆናል። ተጠቃሚ ብቻ አድርጌ ነው የለቀቅኋቸው።

ክፍያውም መጣ። የተሰረቀ ዊንዶውስ ማሻሻያ ለመቀበል ስለሚፈራ ቫይረስ ይወርሰዋል። ፍላሽ ላይ ያለውን ፋይል ሁሉ ደብቆ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ የማያስታውስ አለ? ከአንድ ኮፒ ቤት ይዤው የመጣሁት የአንድ ሴሚስተር ውጤት አጠፋብኝ፤ ከተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት እየሰበሰብኩ እንደገና መዘገብኩ። «በነፃ» ያልኩት ነገር ዋጋው ያ ነበር።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ባለፈው ቅዳሜ ላፕቶፑን ይዞ ቤት መጣ። በኡቡንቱ ላይ የተሠራውንና ለዊንዶውስ ሰው የሚቀለውን ሊኑክስ ሚንት መረጥን። መጀመሪያ ፋይሎቹን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገለበጥን (ይሄን ሳታደርጉ ምንም እንዳትነኩ!)፣ ከዚያ ምንም ሳንጭን ከፍላሹ አስነስተን ሞከርነው። ዋይፋዩ ሠራ። ድምፁ ሠራ። ቴሌግራም ለሊኑክስ አለ፣ ወርድና ኤክሴሉን ሊብሬኦፊስ ይከፍታል፤ ሰንጠረዥ የበዛበት ሰነድ ግን አንዳንዴ ይዛባል፣ አልዋሽም። በፒችትሪ ሒሳብ የምትሠሩና በፎቶሾፕ የምትተዳደሩ ወዳጆቼ አትቸኩሉ፤ ለናንተ ሁለቱን ጎን ለጎን መጫን ይሻላል። ፓወር ግዕዝ ላይ ያሉ የድሮ ሰነዶቻችሁንም ዊንዶውሱ ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ ቀይሯቸው።

ቋንቋውን ወደ አማርኛ አድርገን ተርሚናሉ ላይ «ዴት» የሚለውን ትዕዛዝ ሲጽፍ ማሽኑ «ቅዳሜ» ብሎ መለሰለት። ወሩ የፈረንጅ ነው፤ እሱን ማን ያስተካክለው አልኩት። ልጁ ስክሪኑን እያየ «ቲቸር፣ ይሄ የተጻፈበት ፋይል የት ነው ያለው?» አለኝ። ሃያ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ፋይሉን አብረን ከፍተን እስኪመሽ ስናነብ ቆየን።

ፍላሹ እኔ ጋ አለ። ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ይዞ ለሚመጣ እቀዳለታለሁ፤ ይሄኛውን መቅዳት ይፈቀዳል። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ቡና አለ።