የራይት ወንድማማቾች ሞተር አቀማመጥና ጕዞ

ከአየር የሚከብደውን መኪና ሰው አሳፍሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያበረረው ትንሽ የቤንዚን ሞተር በአየር ላይ የቈየበት ጊዜ በጠቅላላው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በሣጥን ታሽጎ፥ በጭቃ ተቀብሮ፥ ባሕር ተሻግሮና ከጦርነት ተሸሽጎ የኖረበት ዘመን ግን 45 ዓመት ነው። ስለ በረራው ብዙ ተጽፎአል፤ ስለ አቀማመጡ የሚያነሣ ጸሓፊ ግን ጥቂት ነው።

ዊልበርና ኦርቪል ራይት በአሜሪካ፥ በኦሃዮ ግዛት፥ በዴይተን ከተማ ብስክሌት እየሠሩ የሚሸጡ ወንድማማቾች ነበሩ። ለአይሮፕላናቸው የሚሆን ቀላል ሞተር የሚሠራላቸው ፋብሪካ ቢያጡ፥ ቻርልስ ቴይለር የተባለው ሠራተኛቸው በሱቃቸው ውስጥ በ6 ሳምንት ያህል ሠራው። ዐራት ሲሊንደርና 12 የፈረስ ጕልበት ነበረው፤ ክብደቱም 80 ኪሎ ያህል ነበረ። እንዲቀልም አካሉን ከአሉሚኒዩም አስፈሰሱት። ካርቡራተር አልነበረውም፤ ቤንዚኑ ከፍ ብሎ ከታሰረ ትንሽ ቆርቆሮ በቀጭን ቧንቧ ወርዶ በሞቀው ብረት ላይ ሲንጠባጠብ ይተንና ከአየር ጋራ ተቀላቅሎ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ይህም ቀላልነቱ ጕዳት አላጣም፤ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1903 ዓ.ም. ሲሞከር፥ በሚንጠባጠበው ቤንዚን ምክንያት መዞሪያዎቹ ተጣብቀው ቆሙና የአሉሚኒዩሙ አካል ተሰነጠቀ። ሌላ ፈስሶ እስኪመጣ ሁለት ወር ያህል አለፈ። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደዚሁ የአውሮጳ ናቸው።)

በዚያው ዓመት በመከር ጊዜ መኪናው ተፈታትቶ በሣጥን ሆኖ፥ በባቡር ኋላም በጀልባ፥ በሰሜን ካሮላይና ጠረፍ ወዳለው አሸዋማው ኪቲ ሆክ ተጓዘ። በዲሴምበር 17 ቀን ዐራት ጊዜ በረረ፤ የመጀመሪያው 12 ሴኮንድ፥ የመጨረሻው 59 ሴኮንድ ነበረ። ከዚያ በኋላ መኪናው በመሬት ላይ ቆሞ ሳለ ብርቱ ነፋስ ገለበጠውና የሞተሩ እግሮች ሁሉ ተሰበሩ። በበረራ ያልደረሰበት ጕዳት በቆመበት ደረሰበት ማለት ነው። ወንድማማቾቹም ስብርባሪውን ሰብስበው፥ በሣጥን አሽገው፥ ወደ ዴይተን መለሱት።

ሞተርን በሣጥን ማስቀመጥ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ በሣጥኑ ሥር ይተኛል፥ በወለሉም ላይ እየተሳበ ይሄዳል፤ ራቅ ብሎ ያለ መብራት እንኳ ሊያቀጣጥለው ይችላል። ሞተር የሚያጓጕዝ ሰው አስቀድሞ ማጠራቀሚያውን ባዶ የሚያደርገው ስለዚህ ነው። የማቀዝቀዣው ውሃም ሳይፈስ ቢቀር በብርድ ረግቶ ብረቱን ይሰነጥቀዋል።

በማርች 1913 ዓ.ም. ትልቅ ጐርፍ ዴይተንን አጥለቀለቀ፤ በከተማውም መካከል እሳት ተነሣ። ዊልበር ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም ነበረ። ሣጥኖቹ ከሱቁ ጀርባ በነበረው መጋዘን በውሃና በጭቃ ተውጠው ሰነበቱ። ከዓመታት ጀምሮ ቤንዚን ያልነበረበት ሞተር ለእሳቱ የሚጨምረው ነገር አልነበረውም፤ ጭቃውም ታጥቦ ለቀቀ። ኦርቪልም በ1916 ዓ.ም. መኪናውን ጠግኖ ለሕዝብ አሳየው።

ኦርቪል ስሚዝሶኒያን ከተባለው የዋሽንግተን ቤተ መዘክር ጋራ ስለ በረራ ቀዳሚነት ተጣልቶ ስለ ነበረ፥ በ1928 ዓ.ም. መኪናውን ከነሞተሩ ወደ ለንደን ላከው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የአይሮፕላን ቦምብ ስለ ተፈራ፥ ከለንደን ርቆ በኮርሻም አጠገብ ባለ የድንጋይ መፈልፈያ ዋሻ ውስጥ ተሸሸገ። የሰማይን መንገድ የከፈተው ሞተር ከሰማይ የሚመጣውን ፈርቶ ከምድር በታች ገባ! ቤተ መዘክሩ በ1942 ዓ.ም. ቃሉን ስላረመ፥ ዕርቅ ሆነ፤ ኦርቪል ካረፈ በኋላ፥ በ1948 ዓ.ም. መኪናው በሞሬታኒያ መርከብ ተጭኖ ተመለሰ። የኒው ዮርክ ወደብ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ስለ ነበረ በካናዳ በሃሊፋክስ ወረደና፥ ከዚያ በባሕር ኀይል መርከብ ቀጥሎም በካሚዮን ዋሽንግተን ደርሶ፥ በዲሴምበር 17 ቀን፥ በረራው በተደረገ በ45ኛው ዓመት፥ በቤተ መዘክሩ ቆመ።

ዛሬ የሚታየው ሞተር ግን ሙሉ በሙሉ ያ የበረረው አይደለም። ለብራና መጽሐፍ የሚያሠጋው ውሃ፥ እሳትና ውሰት እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ይህንም ሞተር ከጐርፉና ከጦርነቱ ይልቅ የጐዳው ውሰት ነው። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግና ቮላኖ የሚባለው ከባድ መንኰራኵር በ1906 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ለተደረገ ትርኢት በውሰት ተሰጥተው ነበርና፥ ሳይመለሱ ቀሩ። ነፋስ በሰበረው አካልና በጠፉት በሁለቱ ምትክ የገባው ቴይለር በ1904 ዓ.ም. ለሙከራ ከሠራው ከሌላ ሞተር የተወሰደ ነው።