ድንበር ሲገፋ፣ ደጃፍ ሲደፈር፤ ሕጉ እስከ የት ተከላከል ይላል?

«በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ሲባል እየሰማን አድገናል። አባባሉ ዛሬም በገጠራችን ሕያው ነው። የእርሻ ወቅት ሲመጣ በአንድ ትልም ሳቢያ ጎረቤት ከጎረቤቱ ይጋጫል፤ አዝመራ ሲደርስ ደግሞ እሸት ውስጥ በተለቀቀ ከብት ሰበብ ሰው ይገዳደላል። ሟች ይቀበራል፣ ገዳይ ይታሰራል ወይም ይሸፍታል፣ ልጆቻቸው ለደም ይፈላለጋሉ። እኛ ከተሜዎቹም ከጉዳዩ የራቅን አይደለንም። ገጠር ያለ አባት ወይም ወንድም ደውሎ «መሬቴ ላይ ቢገባ ብመታውስ?» ሲለን፣ አብዛኛውን ጊዜ የምንመልስለት ከሕጉ ሳይሆን ከአባባሉ ቀድተን ነው።

ባለመሬት ወይስ ባለይዞታ?

በቅድሚያ ቃሉን እናስተካክል። ከአዋጅ ቁጥር 31/1967 ወዲህ የገጠር መሬት የግል ባለቤት የለውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነትን ለመንግሥትና ለሕዝብ ሰጥቷል። ገበሬው ባለይዞታ ነው፤ ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው፤ በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያፈራው ንብረት ግን የራሱ ነው። ዝርዝሩን ዛሬ የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 456/1997ን የተካው አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ከክልሎች ሕጎች ጋር ነው።

ባለቤት አለመሆን ግን ጥበቃ ማጣት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1148 ይዞታውን የሚነጥቀውን ወይም ሁከት የሚፈጥርበትን ሰው በኃይል የመመለስ መብት የሰጠው ለባለይዞታው ነው። በጉልበት ወይም በስውር የተወሰደበትንም፣ ወሳጁን እዚያው ሲወስድ ወይም ሲሸሽ ካገኘው ወዲያውኑ መልሶ መንጠቅ ይችላል። «ወዲያውኑ» የምትለው ቃል ትሰመርበት። ትናንት የታረሰበትን ድንበር ዛሬ ወንድሞቹን አስከትሎ ለማስመለስ የሚወጣ ሰው ተከላካይ መሆኑ ቀርቶ አጥቂ ሆኗል። ለእርሱ የተዘጋጀው መንገድ በቁጥር 1149 መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ የሚቀርበው «ሁከት ይወገድልኝ» ክስ ነው። ኃይል በሚፈቀድበት ጊዜም ቢሆን ሁኔታው ከሚጠይቀው በላይ መሆን የለበትም።

ማን ነው ደፋሪ?

በማሳ ዳር ያለፈ ሁሉ ደፋሪ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2053 ጥፋተኛ የሚያደርገው ያለ ሕጋዊ ሥልጣን፣ የባለይዞታውን በግልጽ የታወቀ ተቃውሞ ጥሶ ወደ መሬቱ ወይም ወደ ቤቱ የገባን ሰው ነው። ቤትና በአጥር የተከለለ ግቢ ደግሞ ከፍ ያለ ጥበቃ አላቸው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 604 ድርጊቱን በወንጀል ያስጠይቃል። ከብት ላደረሰው ጉዳትም የከብቱ ባለቤት በቁጥር 2071 ካሣ ይከፍላል። እረኛው በጥይት የሚመታበት ምክንያት ግን የለም።

ሕጋዊ መከላከል

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ራስን፣ ሌላን ሰው ወይም መብትን መከላከል አያስቀጣም ይላል። ይህ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆን አለበት፤ እየተፈጸመ ያለ ወይም ሊፈጸም የተቃረበ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት፤ የመከላከያው መጠንም ከአደጋው ክብደትና ከሚጠበቀው መብት ዋጋ ጋር መመዛዘን አለበት።

ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንደኛው በእኩለ ሌሊት በሩን ሰብረው ጠመንጃ ይዘው የገቡበት ገበሬ ነው፤ የሚከላከለው የልጆቹን ነፍስ ነው። ሁለተኛው በቀን ብርሃን ድንበሩን አልፎ የሚያርስ ጎረቤቱን ከሩቅ አነጣጥሮ የሚተኩስ ነው፤ የሚከላከለው ነገ በፍርድ ሊመለስ የሚችል ትልም ነው። የሰው ነፍስ ግን በፍርድ አይመለስም። ሕጉ የመጀመሪያውን ሊታደገው ይችላል፤ ሁለተኛውን አይታደገውም።

ርቀት ምን ይለውጣል?

ፖሊስ ጣቢያ የግማሽ ቀን መንገድ ለሆነበት ሰው «ለምን ፖሊስ አልጠራህም?» ማለት ፌዝ ነው። «በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል» የሚለው መለኪያ መመዘን ያለበት ሰውየው በነበረበት ቦታና ሰዓት ነው። ርቀት ግን የሚያግዘው ይህንን አንዱን መለኪያ እንጂ ተመጣጣኝነትን አይሰርዝም።

መጠኑን ላለፈም ሕጉ በሩን ጨርሶ አልዘጋም። በአንቀጽ 79 ፍርድ ቤት ቅጣቱን ያቀልለታል፤ ያለፈው ጥቃቱ ባሳደረበት ይቅር ሊባል በሚገባ ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነም ሳይቀጣው ሊተወው ይችላል። የመከላከልን መጠን አልፎ የገደለ በአንቀጽ 541 እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት ሲጠብቀው፣ መከላከል ያልነበረው ተራ ግድያ ግን በአንቀጽ 540 ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት ያስከትላል።

እንግዲህ ለሚደውልልን ዘመድ የምንለው ይህን ይሁን። የይዞታ ደብተርህን ያዝ፤ ድንበርህን በምስክር ፊት አስለካ፤ ሲገባብህ እሪ ብለህ ጎረቤት ጥራ፤ እጅ ከፍንጅ የያዝኸውን ሳትደበድብ ለፖሊስ አስረክብ። መሣሪያም ቢኖርህ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይኑረው፤ ፈቃዱ ግን የመያዝ እንጂ የመግደል እንዳልሆነ አትርሳ።

መንግሥትም ዕዳ አለበት። የድንበር ክርክር ለዓመታት ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ በሚንከባለልበት አገር ገበሬውን «ሕግ ጠብቅ» ብሎ መምከር ብቻውን በቂ አይሆንም። ገበሬው ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ እንዲተወው፣ ዳኛው ከጥይቱ ባይቀድም እንኳ ከመኸሩ መቅደም አለበት።