ድርቅ ብቻውን ስደተኛ ያሰኛል?

እ.ኤ.አ. በ1951 ጄኔቫ ላይ የጸደቀው የስደተኞች ስምምነት ስለ ድርቅ አንዲት ቃል የለውም። የሚያውቀው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በፖለቲካ አቋሙና በመሳሰሉት መሳደድን የሚፈራ ሰው ነው። በ1969 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ አዲስ አበባ በሩን ሰፋ አደረገው፤ የሕዝብን ጸጥታ ክፉኛ ያወከ ሁኔታ ያፈናቀለውም ስደተኛ ነው አለ። ድርቅን ግን እሱም በስሙ አልጠራውም።

በ2011 ደቡብ ሶማሊያ በረሃብ ስትመታ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዶሎ አዶ በኩል ገቡ። የስደተኛ ወረቀት ያሰጣቸው የዝናቡ መጥፋት ሳይሆን ጦርነቱ ነበር። እስቲ ጦርነቱን አውጡት፤ ያችው ልጇን አዝላ በእግሯ የመጣች እናት ምን ልትባል ነው?

የኢጋድ ሚኒስትሮች በ2020 የተቀበሉት የነጻ ዝውውር ፕሮቶኮል፣ በአንቀጽ 16፣ አደጋ ከመድረሱ በፊት እንኳ ድንበር መሻገርን ይፈቅዳል። ለአርብቶ አደር ይህ ማለት ከብቶቹ ሳያልቁ መንቀሳቀስ ነው።